ድንጋይ ላልቆመላቸው፦ ናታሻ ትሬዘዌይ ማን ናት? ግጥሟስ እንዴት ይሠራል?

አትላንታ የኖረ ሐበሻ ሜሞሪያል ድራይቭን ያውቀዋል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ ረጅም ጎዳና ነው። ወደ ክላርክስተንና ወደ ስቶን ማውንቴን ሲጠጋ የእኛ ሰው ይበዛል። እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ላውንደሪ አለ፣ ግራና ቀኝ አፓርታማ ተደርድሯል። እኔም ሥራ ስሄድ ስመለስ በዚያው ነኝ። ስሙን ግን ለዓመታት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ሜሞሪያል ማለት መታሰቢያ ነው። የማን መታሰቢያ?

ጎዳናው የሚያመራው ስቶን ማውንቴን ወደሚባለው ግዙፍ ቋጥኝ ነው። ቋጥኙ ላይ ሦስት ፈረሰኞች ተቀርጸዋል፤ ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊ እና ስቶንዎል ጃክሰን። ባርነት እንዳይቀርባቸው ብለው ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ ማለትም የኮንፌደሬቶቹ፣ መሪዎች ናቸው። ቅርጹ በ1972 ተጠናቀቀ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚሁ ጎዳና ዳር፣ ከአፓርታማዎቹ በአንዱ፣ ጁን 5 ቀን 1985 አንዲት የ40 ዓመት እናት በቀድሞ ባሏ በጥይት ተገደለች። ግዌንዶሊን ተርንቦ ትባላለች። ለእሷ ቋጥኝ የቀረጸ የለም። መቃብሯ ላይ እንኳ ለብዙ ዓመታት ድንጋይ አልቆመም። በ19 ዓመቷ እናቷን የቀበረችው ልጅ ናታሻ ትሬዘዌይ ናት። ኋላ አሜሪካ ሎሬት ብላ የሾመቻት ገጣሚ ሆነች። ሥራዋን ባጭሩ ንገረን ካላችሁኝ፣ ሐውልት የተነፈጉ ሰዎችን በግጥም ታቆማለች።

መጀመሪያ ነገር፣ ማን ናት?

ትሬዘዌይ ገጣሚና የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። በ2007 በግጥም ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት ወስዳለች። ፑሊትዘር በአሜሪካ ለጋዜጠኞችና ለደራስያን ከሚሰጡት ሽልማቶች ስሙ የገነነው ነው። ከ2012 እስከ 2014 የአገሪቱ ሎሬት ገጣሚ ነበረች። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ቺካጎ አጠገብ ባለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

የተወለደችው ኤፕሪል 26 ቀን 1966 ነው። ቦታው ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ያ ቀን በደቡቡ አገር የኮንፌደሬት ሙታን የሚታሰቡበት ቀን ነው። እናቷ ልትወልዳት ወደ ሆስፒታሉ የጥቁሮች ክፍል ስትሄድ መንገዱ በኮንፌደሬት ባንዲራ ተሞልቶ ነበር። አባቷ ኤሪክ ትሬዘዌይ ከካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ የመጣ ነጭ ነው። እናቷ የሚሲሲፒ ተወላጅ ጥቁር ናት። ሁለቱ የተዋወቁት ኬንተኪ ውስጥ ኮሌጅ ሲማሩ ነው። ስሟን ያወጣላት አባቷ ሲሆን፣ ያኔ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» እያነበበ ነበር።

ትዳር እንዴት ወንጀል ይሆናል?

ያኔ ይሆን ነበር። በ1965 በሚሲሲፒ ሕግ ነጭና ጥቁር መጋባት ክልክል ነበር። ሌላ ግዛት ሄዶ ተጋብቶ መመለስም ያስከስሳል። የናታሻ ወላጆች ኦሃዮ ሄደው ተጋቡና ተመለሱ። ስለዚህ ሁለት ሕግ ጣሱ ማለት ነው። ሕጉ ትዳሩን ትዳር ስላላለው ልጅቱን ዲቃላ አደረጋት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉትን ሕጎች የሻራቸው በጁን 1967 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ 16 ግዛቶች ሕጉን ይዘው ቆይተዋል። ናታሻ ያኔ አንድ ዓመት አልፏታል።

የልደት ምስክር ወረቀቷን ልብ በሉልኝ። የእናት ዘር በሚለው ቦታ «ባለቀለም» ተብሎ ተሞልቷል። የአባት ዘር በሚለው ቦታ ግን የተጻፈው «ካናዳዊ» ነው። ጸሐፊው ነጭ ብሎ ቢጽፍ ወረቀቱ ራሱ የወንጀል ማስረጃ ሊሆን ነው። ስለዚህ አገር ዘር ሆኖ ተመዘገበ። ይህች ልጅ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ በወረቀት የሰፈረ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ የሚናገር ወረቀት ይዛ ነው ያደገችው። ኋላ የተጻፈ ታሪክን እንዲህ አጥብቃ መመርመሯ ለእኔ ከዚህ ይጀምራል።

እናቷ ምን ሆነች?

ወላጆቿ የተፋቱት እሷ ገና ሕፃን ሳለች ነው። እናትና ልጅ ወደ አትላንታ ተሻገሩ። እናቷ ሶሻል ወርክ ልትማር ነበር የመጣችው። እዚያ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ሰው ተዋወቀች፤ አገባችው፤ ወንድ ልጅም ወለደችለት። ሰውየው ይደበድባት ጀመር። የእንጀራ ልጁንም ያሰቃያት ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ናታሻ ቁልፍ ያለው የማስታወሻ ደብተር ነበራት። አንድ ቀን ቁልፉ ተሰብሮ አገኘችው። የእንጀራ አባቷ እየከፈተ ያነብባል። ምን አደረገች? ደብተሩን አልደበቀችውም። መጻፍም አላቆመችም። ከዚያ በኋላ የምትጽፈውን በቀጥታ ለእሱ አደረገችው፤ ምን እንደሚያደርግ እንደምታውቅ እየነገረችው፣ እየሰደበችው። እሱ ደግሞ ማንበቡን ሳያምን መልስ መስጠት አይችልም። ለአንባቢ ብላ መጀመሪያ የጻፈችው ያንን እንደሆነ ካደገች በኋላ ተናግራለች።

እናቷ በመጨረሻ ፈታችው። ፌብሩዋሪ 1984 ሊገድላት ሞክሮ ታሰረ። ዓመት ያህል ቆይቶ ተፈታ። እንደገና ማስፈራራት ሲጀምር እናቷ የስልክ ንግግሩን እየቀዳች ለሕግ ሰዎች አስረከበች። ማድረግ የሚገባትን ሁሉ አድርጋለች። ያም ሆኖ ጁን 5 ቀን 1985 ገደላት። ናታሻ ያኔ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች።

«ኔቲቭ ጋርድ» ምንድን ነው?

ፑሊትዘር ያስገኘላት መጽሐፍ ስሙ ይኸ ነው። የወጣው በ2006 ነው። ግን መጽሐፉ ከመኖሩ በፊት ኔቲቭ ጋርድ እውነተኛ ጦር ነበር።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ተካሄደ። በ1862 የሰሜኑ ጦር ኒው ኦርሊንስን ሲይዝ በሉዊዚያና ጥቁሮችን መመልመል ጀመረ። ገሚሶቹ ነፃ የነበሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሮች። የሉዊዚያና ኔቲቭ ጋርድ የተባሉት እነዚህ ናቸው። በሰሜኑ ጦር ውስጥ በይፋ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የጥቁር ወታደሮች መካከል ነበሩ። ሁለተኛው ክፍለ ጦር የተመደበው ከገልፍፖርት ፊት ለፊት ባለችው ሺፕ አይላንድ በምትባል ደሴት ነው። ሥራቸው እስረኛ መጠበቅ ሆነ። እስረኞቹ ደግሞ የተማረኩ ኮንፌደሬቶች ናቸው። ትናንት በባርነት ሲገዛ የነበረ ሰው ዛሬ ጠመንጃ ይዞ ጌቶቹን ይጠብቃል።

ክብር ግን አላገኙም። በኤፕሪል 1863 ከጠላት ጋር ተዋግተው ወደ ባሕሩ ሲያፈገፍጉ የራሳቸው ወገን የጦር ጀልባ ተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል በወገን ጥይት የወደቁ አሉ።

ትሬዘዌይ በልጅነቷ ሺፕ አይላንድ ለሽርሽር ትሄድ ነበር። ምሽጉ በር ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ። በደሴቱ የሞቱ ኮንፌደሬት እስረኞችን ስም በክብር ይዘረዝራል። ያቆመው የኮንፌደሬት ወታደሮችን ስም ለማስጠራት የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር ነው። ለጥቁሮቹ ዘቦች ግን አንድም ቃል አልነበረም። ስለ እነሱ የሰማችው ካደገች በኋላ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ገልፍፖርት ምግብ ቤት ከአያቷ ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ አንዲት የማታውቃት ሴት ሰማቻቸው። ስለዚያ ደሴት ልታውቂው የሚገባ ሌላ ነገር አለ ብላ ነገረቻት። ሰው በተወለደበት ከተማ አፍንጫ ሥር ያለውን ታሪክ እንዲህ ሲሰማ ምን ይሰማዋል?

ተነስታ ወደ ቤተ መዛግብት ገባች። ስትጽፍ ስትጽፍ ሌላ ነገር ገባት። ለወታደሮቹ ድንጋይ አልቆመላቸውም እያለች የምትቆጭ ሴት፣ የገዛ እናቷ መቃብር ላይም ድንጋይ የለም። መጽሐፉ በሁለቱ ተሠራ። ግማሹ ስለ እናቷ ነው፣ ግማሹ ስለ ታሪክ፤ የቆመበት መሠረት ግን አንድ ነው።

ግጥሙ እንዴት ነው የሚሠራው?

ብዙ ሰው የዘመኑ የአሜሪካ ግጥም ቤት አይመታም፣ ልቅ ነው ይላል። የትሬዘዌይ አይደለም። እሷ ጥብቅ ቅርጽ ትወዳለች። ቅርጹን ያልተረዳ ሰው ግማሹን ስለሚያጣው ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ፓንቱም የሚባለውን እንይ። ከማላይ ሕዝብ የመጣ የግጥም ዓይነት ነው። አንጓው አራት አራት ስንኝ አለው። የአንዱ አንጓ ሁለተኛና አራተኛ ስንኞች፣ በሚቀጥለው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ሆነው ይመለሳሉ። እንዲህ እየተጠላለፈ ሄዶ መጨረሻው ላይ የመጀመሪያው ስንኝ ይመጣል።

ይህን የሚመስል ነገር እኛ ለቅሶ ቤት ውስጥ አለን። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «እንዴት ሆኖ ነው?» ይባላል። ሐዘንተኛው ከመጀመሪያው ይነግራል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ይገባል፤ እንደገና ይነግራል። ቃሉ ያው ነው። ግን በአሥረኛው ጊዜ ድምፁ ሌላ ነው። አንዲት ነገር ትጨመራለች፣ አንዲቱ ትቀራለች፣ አንዷ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ፓንቱም ማለት ይኸ ነው።

ትሬዘዌይ በዚህ ቅርጽ የጻፈችው ግጥም «ክስተት» ይባላል። ሕፃን ሳለች ቤተሰቧ በሚኖርበት በአያቷ ግቢ ነጫጭ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች መጥተው መስቀል አቃጠሉ። ጥቁሮችን ለማስፈራራት የሚደረግ ነው። ማንን ሊያስፈራሩ እንደመጡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፊት ለፊት ያለው ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ለምርጫ ያስመዘግብ ነበር፤ ምናልባት ለእሱ ነው። ወይም ለእነ ናታሻ ቤት፣ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ስለሚኖሩ። ግጥሙ ቤተሰቡ ታሪኩን በየዓመቱ እንደሚያወራው ይነግረናል። መጋረጃው ወርዶ በመስኮት እንዴት አጮልቀው እንዳዩ፣ ክፍሉን አጨልመው ፋኖስ እንዴት እንዳበሩ። ምንም አልሆነም፣ ሲነጋ እሳቱ ጠፍቷል ይላል። ከዚያ ያው ስንኝ ይመለሳል። ምንም አልሆነም ሲባል መጀመሪያ እናምናለን። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ምንም ያልሆነ ነገር በየዓመቱ ለምን ይወራል ብለን እንጠይቃለን።

ሁለተኛው ሶኔት ነው። ሶኔት 14 ስንኝ ያለው ግጥም ነው። የመጽሐፉን ስም የያዘው ትልቁ ግጥም አሥር ሶኔቶች አሉት። የአንዱ የመጨረሻ ስንኝ የሚቀጥለውን ይከፍታል፤ እንደ ሰንሰለት። የአሥረኛው ማብቂያ ደግሞ ከአንደኛው መክፈቻ ጋር ይገጥማል። ተናጋሪው ማንበብና መጻፍ የሚችል ከባርነት የወጣ ዘብ ነው። እስረኞቹ ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ለቤተሰባቸው ደብዳቤ የሚጽፍላቸው እሱ ነው። የሞተውንም የሚያረዳ እሱ ነው።

የራሱን ማስታወሻ የሚጽፍበት ወረቀት ግን የለውም። ከተተወ የኮንፌደሬት ቤት አንድ ደብተር ወሰደ። ደብተሩ በሌላ ሰው ጽሑፍ ተሞልቷል። ገጹን አዙሮ በላዩ ላይ በአግድም ይጽፋል። እኛ አገር ብራና ተፍቆ እንደገና ይጻፍበት ነበር። ይህ ሰው ግን አልፋቀውም። የኮንፌደሬቱም ቃል የእሱም ቃል ተጠላልፈው በአንድ ገጽ ላይ ይታያሉ። ስንኞቹ ተያይዘው እንዲደጋገሙ ያደረገችውም ለዚሁ ነው። ቅርጹ ራሱ በጽሑፍ ላይ ጽሑፍ ነው።

ሦስተኛው ስለ እናቷ የጻፈችው አጭር ግጥም ነው፤ «ተረት» ይባላል። 9 ስንኝ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ እነዚያው 9 ስንኞች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ደርሶ መልስ ነው። የሚናገረው እናቷ ስትሞት ተኝታ ስለነበረች ልጅ ነው። በሕልሟ እናቷን ከሙታን አገር ልታወጣት ትሞክራለች። ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ የለችም። ስንኞቹ ሲመለሱ ያንኑ እንደገና ታጣታለች። ያለ አንድ አዲስ ቃል።

ለምን እንዲህ ቅርጽ ታጠብቃለች? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ለቅሶ ሲሆን ዕድር መጀመሪያ የሚያመጣው ድንኳን ነው። ድንኳኑ ሐዘኑን አይቀንሰውም። ሰው የሚቀመጥበት ያገኛል እንጂ። እነዚህ ቅርጾች ለእሷ ድንኳን ናቸው።

አባቷስ?

አባቷም ገጣሚና መምህር ነበር። በ2014 እስኪያርፍ ድረስ ተዋደው ኖረዋል። ግን በመካከላቸው ዘር የሚባል ነገር ነበረ። በ2012 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ፊት ለፊት ታነሳዋለች። አንድ ግጥም ውስጥ ሁለቱ የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንን መኖሪያ ይጎበኛሉ። ጄፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሮችም የነበሩት ሰው ነው። አስጎብኚዋ ወደ ድሮው ዘመን ተመልሳችሁ እንደምትገቡ አስቡ ትላቸዋለች። ናታሻ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ታንሾካሹካለች፤ እንግዲህ የምንለያየው እዚህ ነው፣ እኔ በጓሮ በር ልዙር። ጥቁር በዋናው በር አይገባማ። እንደ ቀልድ ነው የሚባባሉት፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ሎሬት ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ ሎሬት ስንል ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይመጣብናል። ለእኛ ከስም በፊት ለዕድሜ ልክ የሚቀመጥ የክብር ማዕረግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሥራ ነው፤ መነሻና መድረሻ ያለው። የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ቦታው በ1937 ሲፈጠር የግጥም አማካሪ ይባል ነበር። ሎሬት የሚለውን ስም በሕግ ያገኘው በ1985 ነው። ብዙዎች ለመንግሥት ውዳሴ የሚጽፍ ሰው ይመስላቸዋል። አይደለም። ግዴታው ጥቂት ነው፤ የሥራ ዘመኑን በንባብ መክፈትና መዝጋት፣ ሕዝቡን ከግጥም ጋር ማቀራረብ። እንዴት እንደሚያቀራርብ የሚወስነው ገጣሚው ራሱ ነው።

ትሬዘዌይ 19ኛዋ ናት። ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። በ2013 መጀመሪያ ዋሽንግተን ተቀመጠችና የቢሮ ሰዓት አወጀች። መምህር ለተማሪ በሩን እንደሚከፍት ማለት ነው። ተራው ሰው እየገባ ስለ ግጥም አወራት። በሁለተኛው ዓመት ከፒቢኤስ ቴሌቪዥን ጋር አገር ለአገር ዞረች። ብሩክሊን ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ግጥም ሲቀበሉ አሳየች። ዲትሮይት የትምህርት ቤት ልጆችን፣ ሲያትል ማረሚያ ቤት ያሉ ታዳጊዎችን አገኘች።

በዚያው በ2012 ሚሲሲፒም የግዛቷ ሎሬት አድርጋ ሾመቻት። የወላጆቿን ትዳር ወንጀል ያለችው ሚሲሲፒ።

ግጥም በዩኒቨርሲቲ ይማራል እንዴ?

አንድ ጓደኛዬ «ግጥም ጽፎ ፕሮፌሰር ይኮናል?» ብሎኛል። ይኮናል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ገጣሚዎች እንጀራቸው ማስተማር ነው። ድርሰት እንደ ሥዕልና እንደ ሙዚቃ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። ትሬዘዌይም ሁለተኛውን የማስተርስ ዲግሪዋን በ1995 ማሳቹሴትስ የያዘችው በግጥም ነው። ከዚያ ኦበርን፣ ከዚያ አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማረች።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ። የአሜሪካው ዎርክሾፕም ቅርብ ነው። ልዩነቱ አራሚው መምህሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። ተማሪው ግጥሙን ለሁሉም ያድላል። ሌሎቹ ሲወያዩበት ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል። እንዲህ ማለቴ ነው እያለ አያብራራም። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር የለም።

የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ2000 ነው። ኬቭ ካነም የተባለው የጥቁር ገጣሚዎች ማኅበር ለመጀመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠውን ሽልማት በመጀመሪያው ዙር ወስዶ ነው የታተመው። መራጯ ራሷ ሎሬት የነበረችው ሪታ ዶቭ ናት። መጽሐፉ ስለ ሥራ ነው፤ የቤት ሠራተኞች፣ አጣቢዎች፣ ልብስ ሰፊዎች። ባለታሪኳ የእናቷን እናት ትመስላለች። አንዱ ግጥም በ1956 የመጋረጃ ፋብሪካ ውስጥ ይሆናል። ጥቁር ሴቶች ማታ ሲወጡ አለቃው ቦርሳቸውን ይፈትሻል። አንዷ ያገለገለ የወር አበባ መጠበቂያዋን አጠራቅማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰውየው እጁን አስገባ። ፊቱ ምን እንደመሰለ ስታስታውስ ትስቃለች። ይህን ሳነብ አያቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ታዩኝ።

ስለ እናቷ በግልጽ የጻፈችው መቼ ነው?

በ2020፣ 35 ዓመት ቆይታ። መጽሐፉ ግጥም አይደለም፤ ትዝታ ነው። ስሙ «ሜሞሪያል ድራይቭ» ነው። እንድትጽፈው መንገድ የከፈተ አንድ አጋጣሚ አለ። ግድያው ከሆነ ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ አያትና አወቃት። እናቷ የሞተች ዕለት ቀድሞ ከቦታው የደረሰ ፖሊስ ነው። ያኔ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ነበር። መዝገቡ ጊዜው ስላለፈ ሊወገድ ነው አላት፤ አውጥቶም ሰጣት።

መዝገቡ ውስጥ እናቷ በእጇ የጻፈችው ገጽ አለ። ከገዳይዋ ጋር የተነጋገረችው የስልክ ንግግር ቃል በቃል አለ። ትሬዘዌይ እነዚህን እንዳሉ መጽሐፉ ውስጥ አስገባቻቸው። አላሳመረቻቸውም። እናቷ በቀዘቀዘ ድምፅ፣ ሰውየውን ላለማስቆጣት ቃል እየመረጠች ስትናገር እንሰማለን። በጋዜጣ ላይ «የተገደለች ሴት» ብቻ ነበረች። እዚህ ግን የምታስብ፣ የምትጠነቀቅ፣ ልጆቿን ልታድን የምትታገል ሰው ናት። ስለ ባል ጥቃት ሰው «ለምን አልሄደችም?» ሲል እሰማለሁ። ግዌንዶሊን ሄዳለች። ፈታዋለች፣ ከስሳዋለች፣ ማስረጃ ሰብስባለች።

ከየት ልጀምር?

እንግሊዝኛ የምታነቡ «ኔቲቭ ጋርድ»ን ያዙ። ቀጭን መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ «ክስተት»ን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። 20 ስንኝ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስንኙ ሲመለስ ድምፃችሁ ምን እንደሚሆን ስሙ። ቀጥሎ «ሐውልት» የሚለውን ፈልጉ። ያ ግጥም በጉንዳን ይጀምራል። ቤቷ ደጃፍ ላይ ጉንዳኖች አፈር እያወጡ ሲክቡ ታያለች። ያን ስታይ የእናቷ መቃብር ትዝ ይላታል። እዚያም ጉንዳን ነበረ። ማንም ያልነካውን መቃብር እየገቡ እየወጡ ቀዩን አፈር በጥቂት በጥቂቱ ቆልለውበታል። እሷ ያላቆመችውን እነሱ ሲያቆሙ ቆማ አየቻቸው፤ ለረጅም ጊዜ።